ቅቤ ያልጠጣው ፍላጻ

ቢራራ ከደከመው ቆይቷል። መቼ ጀመረህ ብትሉት የሚነግራችሁ ቀን የለውም። አንድ ጠዋት ከመደቡ ሲነሳ ጉልበቱ ቆይ አለው፤ ቆየለት። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ እየቆየለት ይኸው ስድስት ዓመት ሞላው። ሚስቱ የሺወርቅ ካረፈች ስንት ዓመት ሆናት ብትሉትም ያንኑ ስድስት ነው የሚጠራላችሁ፤ ሁለቱን ግን አያገናኛቸውም። እኛም አናስገድደውም።

ሥራው ዱላ ማቃናት ነው። ደባርቅ ገበያ ውስጥ ዱላ የሚሸጥ ሞልቷል፤ የጎበጠውን ተቀብሎ ቀጥ አድርጎ የሚመልስ ግን እሱ ብቻ ነው። ከሊማሊሞ ቁልቁለት የሚመጣለትን ወይራ ይልጠዋል፣ በጥላ ያደርቀዋል፣ እያሸ ቅቤ ያጠጣዋል፣ ፍም ላይ እያገላበጠ ያሞቀዋል። ከዚያ ደጃፉ ላይ በተተከሉት ሁለት ችካሎች መካከል ሰክቶ ጎባጣውን ይጫነውና እስኪቀዘቅዝ ድረስ ይዞ ይቆማል። መጫኑን ማንም ይችለዋል፤ ይዞ መቆየቱ ነው ሙያው። ገበሬው ለመንገዱ፣ ሽማግሌው ለምርኩዙ፣ ደብተራው ለመቋሚያው ይመጡበታል። መሪጌታ ገብረ ኪዳን የሚባሉ አንድ ደንበኛ አሉት፤ አንዱን መቋሚያ ሦስት ጊዜ ጎበጠብኝ ብለው መልሰውለታል። በአራተኛው «የኔታ፣ እንጨቱ አይደለም፤ ማኅሌት ላይ እንቅልፍ ሲወስድዎት በአንድ ጎን ስለሚደገፉት ነው» ቢላቸው ስቀው ሄዱ፤ በወሩ ግን ይዘውት መጡ።

«ሠላሳ ስምንት ዓመት የሰው ዱላ ስታቃና ያንተ ወገብ ጎብጦ ቀረ» የምትለዋን ቀልድ የገበያው ሰው ሁሉ በየተራው ነግሮታል፤ እሱም ለእያንዳንዱ እንደ አዲስ ይስቅለታል። ከመቆጣት መሳቅ ይቀለዋል። ስለ እንጨት ግን አይቀልድም። ቅቤ የጠጣና የሞቀ እንጨት እሺ ይላል ብሎ ያምናል፤ አባቱም ይህንኑ ነው ያስተማሩት፤ እሺ ያላለው እንጨትም እስካሁን አልገጠመውም። ኋላ ያሳፈረው ይኸው እምነቱ ነው።

ልጁ ናዝራዊት ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ከአባቷ ጋር የምትኖረው እሷ ብቻ ናት። ተራራው ላይ ወዳለው ማረፊያ፣ ወደ ጨነቅ፣ ለሚወጡ እንግዶች ምግብ ታበስላለች፤ እንግዳ ሲገኝ ማለት ነው፤ በነዚህ ዓመታት ደግሞ ወደ ተራራው ከእንግዳ ይልቅ ጭጋግ ነው የሚመጣው። አምና በጥቅምት አንዲት ጡረታ የወጣች የውጭ አገር መምህርት በጉዞው በሁለተኛው ቀን እግሯ ወለም አላትና ደባርቅ ወርዳ አንድ ሎጅ ውስጥ ሁለት ሳምንት ተቀመጠች። የምታበስልላት ናዝራዊት ነበረች። ሴትዮዋ የትም ስትሄድ ቀስቷን ይዛ የምትዞር ሰው ኖራ፣ በአንድ እግሯ ቆማ ከሎጁ ጓሮ ጭድ የተጠቀጠቀበትን ጆንያ ስትወጋ ትውላለች። በሦስተኛው ቀን ናዝራዊት ልሞክር አለቻት። በሳምንቱ ሴትዮዋ ቁጭ ብላ ታያት ጀመር።

ስትሄድ ቀስቷን ይዛው ሄደች፤ ስድስት የካርቦን ፍላጻ ግን ተወችላት። ጥቁር፣ ቀጭን፣ እጅ ላይ ያለ የማይመስል ነገር ነው። አንድ ምክርም ተወችላት። ከመወርወርሽ በፊት እያንዳንዱን ጎበጥ አድርገሽ ጆሮሽን አስጠጊ፤ ቀጭ ካለ እንዳትወረውሪው፤ ካርቦን ሲሰበር ስንጥሩ እጅ በስቶ ይገባል አለቻት። ናዝራዊት ይህን ለአባቷ አልነገረችውም። ፍላጻ የእሷ እንጂ የእሱ ጉዳይ ይሆናል ብላ አላሰበችም።

ቀስቱን የሠራላት ግን እሱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ እንጨት እንዳይጎብጥ ሲደክም የኖረ ሰው፣ እንዲጎብጥ የሚፈለግ እንጨት ሲገጥመው ግራ ገባው። የመጀመሪያው ተሰበረበት፤ ሁለተኛውም ተሰበረበት። ሦስተኛውን ለመሪጌታ ገብረ ኪዳን አዲስ መቋሚያ ብሎ ካስቀመጠው ወይራ አወጣውና ያዘለት። ናዝራዊት ገመዱን ስባ ስትለቀው የወጣውን ድምፅ ሲሰማ ደስ አለው። ካረጀ ወዲህ አዲስ ነገር መሥራቱ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ከጥምቀት በኋላ ወሬ መጣ። ለባህል ስፖርት ውድድር ቀስት የሚወረውሩ ሁለት ሴቶች እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዳባት ላይ ይመረጣሉ፤ ቀስቱ ከአገር እንጨት የተሠራ ይሁን፣ ፍላጻው ከምንም ይሁን፣ ተወዳዳሪዋ ግን ሦስት ፍላጻ ይዛ ትቅረብ ተባለ። የተመረጡት ባሕር ዳር ሄደው ሁለት ዓመት እየሠለጠኑ ይቀመጣሉ። ናዝራዊት ይህን ስትነግረው ቢራራ ምድጃውን እየቆሰቆሰ ነበር። ሁለት ዓመት? አላት። አዎ አለችው። ይሁን አለ። ማን ውኃ ይቀዳልኛል፣ ጉልበቴ ሲይዘኝ ማን ያነሳኛል አላላትም። አሰበው እንጂ አላለውም።

ችግሩ ፍላጻዎቹ ነበሩ። ከሴትዮዋ ቀስት ሲወረወሩ ቀጥ ብለው ይሄዱ የነበሩት፣ ከወይራው ሲወረወሩ ሁለት ስንዝር ያህል ወደ ግራ ይሄዳሉ። አንዱ ብቻ ቢሆን ምን ነበር፤ ስድስቱም ናቸው። የስፖርት መምህሩ ልደቱ አንድ ቀን መጥቶ አየና ፍላጻዎቹ ጎብጠው ይሆናል፣ ጋሽ ቢራራ፣ ብሎ ሄደ። ሳያውቅ ነው ያለው፤ መምህር ደግሞ አላውቅም ማለት ይከብደዋል። ቢራራ ግን ጎበጠ የሚለውን ቃል ሰማ፤ ይህን ቃል ሰምቶ ዝም ማለት አይችልም።

ሐሙስ ናዝራዊት ሁለት እንግዶች ይዛ ጨነቅ ነበረች። ቢራራ ፍላጻዎቹን ከጥጉ አነሳ፤ አንዱን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ እንደ ዱላ አየው። ጉብጠት አላየም። ዓይኔ ደክሞ ነው አለ፤ ዓይኑን ማመን ከተወ ሰንብቷል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል እንዲህ ነው። ፍም አወጣ፣ ቅቤ አመጣ።

ቅቤው አልገባም። ጥቁሩ ገላ ላይ ጠብ ጠብ ብሎ ቁጭ አለ፤ ቢያሸው ከእጁ ጋር ተመለሰ። ይሁን ብሎ ፍሙ ላይ እያገላበጠ አሞቀው፣ በችካሎቹ መካከል ሰክቶ ተጫነው። የሚያውቀው እሺታ አልመጣም። የመጣው ሽታ ነው፤ የቅቤም የእንጨትም ያልሆነ፣ አፍንጫ የሚወጋ መራራ ሽታ። ፍላጻውን ወደ ብርሃን ሲያወጣው በአንድ በኩል ቆዳው ትንሽ ተነፍቶ አየ። ጠረገው። ሁለተኛውን አነሳና አሞቀው። ከዚያ ሦስተኛውን። ሦስተኛው ላይ ጉልበቱ ያዘውና ቁጭ አለ፤ የቀሩትን አልነካቸውም። ስድስቱንም አንድ ላይ አድርጎ ከጥጉ መለሳቸው።

ናዝራዊት ዓርብ ከሰዓት በኋላ ገባች። ዓርብ ጾም ነው፤ ቤቱ ግን ቅቤ ቅቤ ይሸታል። አባቷ ጾም እንደማይሽር ታውቃለችና ምን ሆኖ ነው አለችው። ዱላ ስቀባ ነው አላት። ቀስቷንና ፍላጻዎቹን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። የመጀመሪያውን ጎበጥ አድርጋ ጆሮዋን አስጠጋች፤ ቀጭ አለ። ሌላ አነሳች፤ ቀጭ አለ። ሦስተኛው ከመጮህም አልፎ የጫፉ ብረት እጇ ላይ ወለቀ። ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችው።

ተመልሳ ስትገባ አልጮኸችም። ብትጮህበት ይሻለው ነበር። ሦስቱን ፍላጻዎች አጠገቡ መደቡ ላይ አስቀመጠችና፣ ሳላዳምጠው ብወረውረው ኖሮ ስንጥሩ እጄ ውስጥ ነበር የሚገባው አለችው። ይህን አያውቅም ነበር። ደነገጠ። አቃናቸዋለሁ ብዬ ነው፣ ልደቱ ጎብጠዋል ስላለ ነው፣ ዱላ የሚቀናው እንዲህ ስለሆነ ነው እያለ ብዙ ተናገረ። ሁሉንም ሰማችውና ጠየቀችው።

«አባዬ፣ እንዳልሄድብህ ብለህ ነው?»

«አይደለም» አላት።

ፈጥኖ ነው ያለው። ፍጥነቱ ለራሱም አልተመቸውም። ናዝራዊት ያልተነኩትን ሦስት ፍላጻዎች ይዛ ከራሷ አልጋ ሥር አስገባቻቸው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የነገራትን ሁሉ ሄዳ ታየዋለች። ምድጃው ጠፍቷል ሲላት ሄዳ አየች፤ ውኃ አለ ሲላት ጀሪካኑን አንስታ መዘነች። ክፉ ቃል ግን አልወጣትም። ቢራራ ይህን ሁሉ እያየ አንገቱን ደፍቶ አመሸ፤ አፍሮ ነበር፣ ማፈሩም ከድካሙ ላይ ተጨምሮ ከበደው።

ናዝራዊት ለሴትዮዋ በስልክ ጽፋላት ኖሮ መልሱ ቅዳሜ ጠዋት መጣ። እያነበበች ተረጎመችለት፤ ሌላ የምትነግረው ሰው ስላልነበራት ነው። ፍላጻው አልጎበጠም ትላለች ሴትዮዋ፤ ጥፋቱ አለመጉበጡ ነው። ገመዱ ከኋላ ሲገፋው ፍላጻ ወገቡን ለመጥ አድርጎ የቀስቱን እንጨት ዞሮ ማለፍ አለበት። የእናንተ ቀስት ለስላሳ ነው፣ ፍላጻው ደግሞ ለእሱ ደረቅ ሆነበት፤ አልለመጥ ስላለ እንጨቱ ወደ ግራ ይገፋዋል። እንዳትቆርጡት፤ ባጠረ ቁጥር ይብስ ይደርቃል። ይልቅ ጫፉን አክብዱት፤ ጫፉ ሲከብድ ወገቡ ይለዝባል። የአንዱን የጭራ ላባ አንሱና ያለ ላባ ሞክሩት፤ ላባ ጥፋት ይሸፍናል። ሲወረወር የተሰካበትን ቦታ ብቻ አትዩ፤ ጭራው ወዴት እንዳዘነበለ እዩ፤ ጭራው ቀጥ ካለ ያን ጊዜ ተስተካክሏል።

ቢራራ እስከ መጨረሻው ሰማት። የጎበጠ ሲያቃና ለኖረ ሰው ጥፋቱ አለመጉበጥ ነው ሲሉት ምን ይላል። ቀስ በቀስ ግን ገባው፤ ቀስቱን ሲሠራ ሁለቱ ለምን እንደተሰበሩበትም አሁን ገባው፤ እንዳይለመጡ አድርጎ አድርቋቸው ኖሯል። ተነሳና እያነከሰ ባጃጅ ወደሚጠግነው ወደ ይግዛው ሄዶ እፍኝ ሮንዴላ፣ ብሎን ሥር የሚገባውን ቀለበት ብረት፣ ለምኖ መጣ። የፍላጻው ጫፍ የሚፈታ ብረት ነው፤ በብረቱና በካርቦኑ መካከል ሮንዴላ ቢገባ ክብደት ይሆናል። ግን ሮንዴላው ሰፊ ነው፣ ፍላጻው ቀጭን። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ዙሪያውን በሞረድ ይሞርድ ጀመር። ሞረዱ እያመለጠው ሁለት ጊዜ የጣቱን ቆዳ ላጠው። ዘጠኙን፣ ለአንድ ፍላጻ ሦስት ሦስት አድርጎ፣ ሞርዶ ሲጨርስ ቀትር አልፏል።

ወደ ጓሮ ወጡ። ናዝራዊት ሃያ አምስት እርምጃ ርቃ ቆመች፤ ቢራራ ከጆንያው ፈንጠር ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። የምትወረውረው ላባው የተነሳለትን ፍላጻ ነው። እሱ ቢሰበር ሁለት ብቻ ይቀሯታል፤ በሁለት ፍላጻ ዳባት መሄድ የለም።

መጀመሪያ ያለ ሮንዴላ ለቀቀችው፤ በግራ በኩል ጆንያው ዳር ላይ ተሰካ፣ ጭራው ወደ ቀኝ አዘንብሎ። አንድ ሮንዴላ አስገባላት፤ ወደ መሀል ቀረብ አለ። በለቀቀች ቁጥር ቀስቷን መሬት ላይ ታስቀምጥና ሃያ አምስቱን እርምጃ ሄዳ ራሷ ታያለች። እሱ አዘንብሏል ቢላትም ትመጣለች፣ ዝም ቢላትም ትመጣለች። የጨነቅ መንገድ ድካም ገና አልወጣላትም፤ እግሯን እየጎተተች ነው የምትመጣው።

በሁለት ሮንዴላ ፍላጻው ልክ መሀል ላይ፣ በከሰል ከተሠራው ክብ ውስጥ ተሰካ። ናዝራዊት ከሩቅ አየችውና ፊቷ ፈታ አለ። ቢራራ ተነስቶ ቀረበ። ቦታው መሀል ነው፤ ጭራው ግን አሁንም አንዲት ጣት ታህል ወደ ቀኝ አዘንብሏል። ከቆመችበት ሆና ይህ አይታያትም። ቀስቷን አስቀመጠችና መምጣት ጀመረች።

እጁ ፍላጻው ላይ ነበር። መቼ እንዳደረሰው አያውቅም። ትንሽ ገፋ ቢያደርገው ጭዱ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ለማቃናት የተፈጠረ እጅ ነው። እሷም ቀጥ ብሏል ብላ ትሄዳለች፤ ነገ ዳባት ላይ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ፍላጻው ከመስመሩ ይወጣል፤ ማታ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ማንም አያውቅም። አልተቻለም ትላለች፣ አይዞሽ ይላታል፣ እራት ይበላሉ። ይህ ሁሉ በሃያ አምስት እርምጃ ውስጥ አለፈበት። ፈለገው። ያን እራት ከልቡ ፈለገው።

እጁን አነሳ። እሷ ደርሳ ነበር፤ እጁን አይታዋለች።

«ነካኸው እንዴ?»

«አልነካሁትም» አላት። «ልነካው ግን ነበር።»

ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለና ነገራት። ሐሙስ ሲጀምር ሊረዳት ብሎ እንደነበረ፣ እሱ እውነት እንደሆነ ነገራት። የመጀመሪያው ሲሸትና ሲነፋ ግን መበላሸቱን እጁ አውቆታል፤ ይህን ያህል ዘመን የሠራ እጅ ይህን አይስተውም። ያን ጊዜ ማቆም ይችል ነበር። አላቆመም። ስንጥሩ እጅ እንደሚበሳ አላውቅም ነበር፣ ባውቅ ኖሮ እሳት ውስጥ እገባ ነበር አላት፤ እንደሚበላሹ ግን አውቅ ነበር አላት።

«ትናንት አይደለም አልሁሽ። ነው። ብቻዬን መቅረት ፈርቼ ነው።»

ናዝራዊት እንባዋ መጣ። ተናዳም ነበር፣ አዝናለትም ነበር፤ የትኛው እንደሚበልጥ ለእሷም አልታወቃት። ጆንያው ጋ እንደቆመች ፍላጻውን ነቅላ ያዘችው።

«አሁን ለምን ነገርኸኝ? ነገ እኮ ይቅር ብዬህ ነበር የምሄድ።»

«ይቅር ብለሽኝ ከምትሄጅ፣ አውቀሽኝ ሂጂ» አላት።

ፍላጻውን ሰጠችው። ጫፉን ፈታ፣ ሦስተኛውን ሮንዴላ አስገባ፣ አጥብቆ መለሰላት። እየተመለሰች ሳለ ጀርባዋን አየው፤ እናቷ ስትቆጣ የምትሄደው እንደዚህ ነበር። ቦታዋ ላይ ቆመች፣ ስባ ለቀቀች። ፍላጻው ሲመጣ ሳይወዛወዝ ነው የመጣው፤ ክቡ ውስጥ ገባ።

ቢራራ ተነስቶ ጎንበስ አለ፤ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ከላይ አየው፣ ከጎን አየው። በዚህ ሁሉ ዘመን ብዙ ቀጥ ያለ ነገር አይቷል። እጆቹን ወደ ኋላ አድርጎ ነው ያየው።

«እንዴት ነው?» አለችው ከቆመችበት።

«ቀጥ ብሏል። ነይና እይው።»

ናዝራዊት አየችው፤ ፍላጻውን ሳይሆን እሱን። ከዚያ የቀስቷን ገመድ ፈታች።

«ይበቃል» አለች። «ላባውን መልሰህ ለጥፍልኝ። የቀሩትን የሁለቱንም ጫፍ እንደዚሁ አድርግልኝ። እኔ ልብሴን ልጠብ።»

ወደ ቤት ገባች። ጆንያው ጋ አልመጣችም።

እሑድ ዳባት ላይ ከዐሥራ አራት ሴቶች ሁለተኛ ወጣች፤ ረቡዕ ባሕር ዳር ሄደች። ቢራራ ብቻውን ቀረ። እንደፈራው ነው የሆነው፤ አንድም የቀለለው ነገር የለም። ቤቱ ሰፋበት፣ ጀሪካኑ ከበደበት፣ ከማን ጋር እንደሚያወራ ጠፋው። የገበያው ሰው ደግሞ ዝም አይልም፤ ልጅህ ጥላህ ሄደች አሉ ይለዋል፣ አንዳንዱ አዝኖ፣ አንዳንዱ ወሬ ፍለጋ። መልሱ ለሁሉም አንድ ነው።

«አልጣለችኝም። እኔ ነኝ የላክኋት።»

ይህን ሲል ድምፁ ይሰበራል። ውሸት ግን የለበትም።